ያልተባለ አይመዘንም

በጠባሴ ሰፈር ጠዋት የሚጀምረው በሊዲያ ድምፅ ነው። ልክ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ግድግዳው ስስ ነውና፣ ፀዳለ ቁርስ እያቀራረበች የጎረቤቷን ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትሰማለች።

«ናታንዬ፣ ትናንት የሠራኸው የቤት ሥራ ድንቅ ነበር። ማንም ሳያዝህ ተነሥተህ መሥራትህን በጣም ነው ያደነቅሁት። ደግሞ ለሰው አዛኝ ነህ።»

ከዚያ የሻይ ማንኪያ ይንኳኳል። ከዚያ ናታን «እሺ» ይላል። ሊዲያ ይህን ነገር በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላስታጎለችም። ጉንፋን ድምፅዋን በዘጋው ሳምንት እንኳ ወረቀት ላይ ጽፋ ለባሏ ሰጥታዋለች፤ እሱም እንደ ዜና አንባቢ ጉሮሮውን ጠርጎ አንብቦታል።

ፀዳለ ይህን በሰማች ቁጥር በሊዲያ ፋንታ ታፍር ነበር። ልጅን ፊት ለፊት፣ ያውም በጠዋት፣ እንዲህ ከፍ ከፍ ማድረግ ዓይን መጥራት ነው። ዓይን ባይገባው እንኳ ልጁ ይጠግባል። እሷ ባደገችበት ቤት ልጅ ሲመሰገን እናት ቶሎ ብላ አንድ ጉድለት ታወጣለታለች። ሰው ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ እንደሚዘረጋው ነው፤ ማንም ክፋት ብሎ አያስበውም።

በፀዳለ ቤት ከግድግዳ ሰዓቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ፣ እማኙ ተቀምጧል። በ2089 ዓ.ም. ተማሪ ኖሮበት እማኝ የሌለበት ቤት የለም። ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ከደንብ ልብሱ ጋር አብሮ ይሰጣል። መጠኑ የልብስ ሳሙና ያህላል፤ ቀለሙ ግራጫ ነው። ፈተናውን ለልጁ ማሽን ሊሠራለት ስለሚችል፣ ልጁን በደንብ የሚያውቀው ቤቱ ነው ተብሎ የተጀመረ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ ስለ ልጁ የሚባለውን ሰምቶ ይመዘግባል። መጀመሪያ ሰሞን ሰዉ ሻርፕ ይጥልበት ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን ረሳው። ፀዳለም ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራውን ከመጥረግ በቀር መኖሩን አታስታውስም።

ፀዳለ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ክሩን የሚፈትለው፣ የሚሸምነው፣ የሚያቀልመው ማሽን ነው። የሰው እጅ የቀረው እሷ ጋ ብቻ ነው። ብርድ ልብሱ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ መዳፏን ታስኬድበታለች፤ የሳሳ ቦታ፣ የቋጠረ ክር፣ የዘለለ ቀለም ስታገኝ በነጭ ጠመኔ ትከብበታለች። እንከን የሌለው ላይ ምንም አይጻፍም፤ ያልፋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ብርድ ልብስ ላይ «ጥሩ ነው» ብላ ጽፋ አታውቅም።

ልጇ ኖላዊት ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያያት የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ጫፍ የምትጎትት ልጅ ናት። ዐሥራ አራት ዓመቷ ሳለ የሰፈሩ የውኃ ፈረቃ ተበላሸ። ላይኛው መደዳ በሳምንት ሦስት ቀን ሲያገኝ ለታችኛው አንድ ቀን እንኳ አይደርሰውም ነበር። ቀበሌው ሁለት ባለሙያ አመጣ፤ ለክተው ለክተው ሄዱ። ኖላዊት ለሦስት ሳምንት የየቤቱን በርሜልና የሰው ብዛት እየቆጠረች ደብተሯ ላይ አዲስ ፈረቃ አወጣች። ጠባሴ ዛሬም ድረስ ውኃ የሚቀዳው በዚያ ፈረቃ ነው። ሰዎች ሊያመሰግኑ ቤት ድረስ መጡ። ፀዳለ ወንበር እያቀረበች፣ «ኧረ ሥራ ፈትታ ነው፤ ሰሃን ላለማጠብ የማትፈጥረው ነገር የለም» አለች። ሁሉም ሳቁ። እማኙም ሰማ።

ደብዳቤው መጋቢት 12 ቀን ከምሳ በኋላ ፀዳለ ስልክ ላይ ገባ። አጭር ነበር።

«ተማሪ ኖላዊት አንዳርጌ። ፈተና፣ 97። የቤት ምስክርነት፣ 31። አማካይ፣ 64። የእንጦጦ ልዩ ተቋም መግቢያ 82 በመሆኑ አልተመደበችም። በሁለተኛ ምርጫዋ የሸዋ ሮቢት የፓምፕና የቧንቧ ኮሌጅ ተመድባለች።»

ፀዳለ ሠላሳ አንድ የሚለውን መጀመሪያ ስታየው የቤት ቁጥር መሰላት። ሦስት ጊዜ ካነበበችው በኋላ ጠመኔዋን ኪሷ ከትታ አለቃዋን አስፈቀደች።

እንጦጦ በዓመት ስድስት መቶ ልጅ ይቀበላል፤ የሚፈተነው ዘጠኝ መቶ ሺህ ነው። ከዚያ የወጣ ልጅ የት እንደሚደርስ ለማንም አይጠፋም። ለኖላዊት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የአገሪቱ ወንዞችና ግድቦች ሁሉ የሚከፋፈሉበት ሠንጠረዥ የሚሠራው እዚያ ነው፤ ልጅቷ ከዐሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ስለ ሌላ ነገር አልማ አታውቅም። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ፓምፕ መፍታትና መግጠም ያስተምራል። መጥፎ አይደለም። ሥራው እርግጠኛ ነው፣ ዐሥር ዓመት ቆላ ውስጥ መመደብ ቢኖርበትም። ሁለቱም ያልተሳካለት ልጅ ድምፅ መለያ አዳራሽ ይገባል። እዚያ ሥራው ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ማሽኖች የሰውን ስሜት ማወቅ እንዲማሩ፣ የተቀዳ ንግግር እየሰሙ ስሜቱን መለየት ነው። በደብረ ብርሃን ብቻ እንዲህ ያሉ አራት አዳራሾች አሉ፤ አራቱም ሙሉ ናቸው።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመዝገብ ኃላፊ ወይዘሮ አምሳለ ትባላለች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትፈልግ ሴት ናት። ፀዳለን በትሕትና አስቀመጠቻትና ማያውን ወደሷ አዞረችላት።

«የእርስዎ ቃል ነው፣ ወይዘሮ ፀዳለ። ስለ ልጅዎ የተናገሩት አራት ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ነው። ከዚህ ውስጥ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶው ነቀፋ ተብሎ ተመዝግቧል።»

«እኔ? ልጄን?»

«ያንብቡት።»

ፀዳለ አነበበች። «ኧረ እሷ ምን ታውቃለች»፣ ኖላዊት አንደኛ ክፍል ሳለች፣ ለአክስቷ። «አይ፣ ዕድል ቀንቷት ነው»፣ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ዕለት። «ሰነፍ ናት፤ ካልጎተቷት አትነሣም»፣ ይህ ብቻውን ስድስት መቶ ጊዜ ያህል። «ምኑን ቆንጆ ሆነችው፣ ከስታ አመድ መስላ»። «ሰሃን ላለማጠብ የማትፈጥረው ነገር የለም»። ፀዳለ መጀመሪያ ሳቅ አላት፤ እያንዳንዱን ስታነብ ማን ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደነበረ፣ ምን ተበልቶ እንደነበረ ታስታውሳለች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳቁ ጠፋ።

«እንዲህ እኮ የሚባለው…» አለች፣ «ለሰው አፍ ነው። እርስዎም እናት ይሆናሉ፤ ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ» አለች አምሳለ። መነጽሯን ፈልጋ ግንባሯ ላይ አገኘችው። «የኔም ልጅ ባለፈው ዓመት ሃያ ስምንት ነው ያገኘችው።»

«የአባቷስ ቃል?»

«አቶ አንዳርጌ በወር ሁለት ሳምንት የነፋስ ኃይል መዘውሮቹን ለመጠገን ስለሚርቁ ትንሽ ነው። ያለውም አብዛኛው ‹ልጅቷ በላች?› የሚል በመሆኑ አልተመዘነም።»

ይግባኝ ማለት ይቻላል። እናት ወይም አባት ችሎት ቀርቦ ዐሥራ አምስት ደቂቃ በቃሉ ይመሰክራል። ልጅቷም አብራ ትቀርባለች። ችሎቱ ከተቀበለው የድሮው መዝገብ በአዲሱ ይተካል። ካልተቀበለው ግን፣ ይግባኝ ያለ ሰው ምደባውን አልፈለገም ማለት ስለሆነ፣ ሸዋ ሮቢትም ይቀራል። መልስ እስከ ዓርብ።

አንዳርጌ በዚያ ሳምንት ቤት ነበር። ነገሩን ከእራት በፊት ሲሰማ ለረጅም ጊዜ የመዳፉን ጠባሳ ሲያሽ ቆየና፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ብቻ» አለ።

«የብብቷ ምኑ ነው? ፓምፕ መፍታት?»

«ፓምፕ መፍታት ምን አለበት? እኔ ዕድሜ ልኬን ስፈታ ስገጥም አይደለም የኖርኩት? እንጀራ ነው፣ ፀዲ። እርግጠኛ ነገር ይዘን…»

«ልጅቷ ዘጠና ሰባት አምጥታለች።»

«አምጥታለች። ዘጠና ሰባቱ የሷ ነው፤ ሠላሳ አንዱ ግን የኛ።» ይህን ያለው ለክፋት አልነበረም፤ ከአፉ ሲወጣ ግን ሁለቱም ሰሙት።

ኖላዊት በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። «ለኔ አትጨነቁ» አለች። «ሸዋ ሮቢትም ጥሩ ነው። ሙቀቱን እለምደዋለሁ።» ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች። ፀዳለ ተከትላት ስትሄድ ልጅቷ የውኃ ደብተሮቿን ከአልጋው ሥር እያወጣች ካርቶን ውስጥ ትከታለች። ዐሥራ አንድ ደብተር ነው። ስታስተካክል በጥንቃቄ ነው፤ ዳግመኛ የማይከፈት ነገር እንደሚታሰረው በገመድ ታስራለች። ፀዳለ በሩ ላይ ቆማ ገመዱን አየች። ይህን ያደረገው የእሷ የራሷ አፍ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የእሷ ደግሞ አራት ሺህ ጊዜ ነው የወጣው።

ዓርብ ጠዋት ይግባኙን ፈረመች። አንዳርጌም ፈረመ፤ ብዕሩን ሲመልስላት እጇን ያዝ አድርጎ ለቀቃት።

ችሎቱ ለሚያዝያ 3 ተቀጠረ። ሊዲያ ወሬውን ስትሰማ በዚያው ቀን ሦስት ገጽ ቃላት ይዛ መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም። ናታን ከፈተና 71፣ ከቤት ምስክርነት 99 አምጥቶ በ85 እንጦጦ ተመድቧል፤ ሊዲያ በዚህ ደስ ብሏት ሳለ ፀዳለ ፊት ደስታዋን የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት ነበር።

«እኔ ሠልጥኜ ነው እኮ፣ ፀዳለ» አለች። «ናታን አንደኛ ክፍል ሲገባ ስድስት ቅዳሜ የምስጋና ሥልጠና ወስጃለሁ። በይ ድገሚ፤ ‹ልጄ ከፍተኛ ተነሣሽነት አላት›።»

«ልጄ ከፍተኛ…» ፀዳለ ፊቷ ጋለ። «አንቺ፣ ይሄን እንዴት አድርገሽ ነው በየቀኑ የምትዪው?»

«መጀመሪያ ላይ እኔም ያልበኝ ነበር። ኋላ እንደ ጥርስ መፋቅ ሆነ።» ሊዲያ ወረቀቶቹን አስተካከለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እውነቱን ልንገርሽ? ልጁ ካራተኛ ክፍል ወዲህ አያምነኝም። ባለፈው ሰሞን አሞት ተኝቶ ግንባሩን እየዳበስኩ ‹የኔ ጎበዝ› ስለው፣ ዓይኑን ገልጦ ‹ስንት ሰዓት ሆነ?› አለኝ። የቁርስ ሰዓት መስሎት።»

ፀዳለ ሻይ ጨመረችላት።

ለሁለት ሳምንት ተለማመደች። ፋብሪካ ውስጥ መዳፏ ብርድ ልብሱ ላይ ሲሄድ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ተነሣሽነት፣ ፈጠራ፣ የመሪነት ብቃት። አንድ ቀን እንከን የሌለው ብርድ ልብስ ላይ ሳታስበው በጠመኔ ክብ ሠርታ ተገኘች። በእጇ አጥፍታ አሳለፈችው።

ሚያዝያ 3 በጠዋት ሦስቱም ታክሲ ተሳፈሩ። ታክሲው ሾፌር የለውም፤ ረዳት ግን አለው፣ ማሽኑ ወራጅ አለ ሲባል ይቆማል ብሎ የሚያምን ሰው ስለጠፋ። አንዳርጌ ውጭ እንዲጠብቅ ተነገረው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የመሳቢያ ያህል የሆነ ግራጫ ሣጥን፣ ጥግ ላይ ወይዘሮ አምሳለ፤ ደንቡ ሰው ይኑር ስለሚል። ከኋላ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ አራት ቤተሰቦች ተቀምጠዋል፤ አንደኛዋ ሴትዮ ፀዳለ ስትገባ ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻት።

«ወይዘሮ ፀዳለ፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ አለዎት» አለ ሣጥኑ። ድምፁ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ድምፅ ነው፤ የሚጠላ አይደለም። «ስለ ልጅዎ ይናገሩ።»

«ልጄ ኖላዊት ከፍተኛ…» አለች ፀዳለ። «ከፍተኛ ተነሣ…» የሊዲያ ሦስት ገጽ ከጭንቅላቷ ብን ብሎ ጠፋ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ጉልበቷ ላይ ያለውን ነጠላ አየች። ከዚያ በራሷ አፍ ጀመረች።

«እኔ ሥራዬ ብርድ ልብስ ማየት ነው። እንከን ያለበት ላይ ምልክት አደርጋለሁ። እንከን የሌለው ላይ ምንም አልጽፍም። ሰው ገዝቶ የሚለብሰው ያን ምንም ያልተጻፈበትን ነው። ቤቴም ውስጥ እንደዚያው ነኝ፤ እናቴም እንደዚያው ነበረች። ያልኩትን ሁሉ ቆጥራችኋል። እስቲ ያላልኩትን ቁጠሩልኝ። ልጄ ዋሸች ብዬ አውቃለሁ? የሰው ነገር ነካች ብዬ አውቃለሁ? ትምህርት አይገባትም ብዬ አውቃለሁ? በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት ጊዜ ፈልጋችሁ አውጡልኝ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች መንሾካሾክ አቆሙ። ሣጥኑ መዝገቡን ፈተሸ።

«አልተገኘም» አለ። «ሆኖም ያልተባለ አይመዘንም።»

«እንግዲያው ልበለው» አለች ፀዳለ። ወንበሯን ወደ ልጇ አዞረች። ድምፅዋን ሳትሰብር፣ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ሪፖርት በምታነብበት ቃና ተናገረች። «ኖላዊት ከማውቀው ሰው ሁሉ ብልህ ናት። የሰባት መቶ ቤት ውኃ በዐሥራ አራት ዓመቷ አስተካክላለች። ደክሟት እንኳ ያቋረጠችው ሥራ የለም። በልጄ እኮራለሁ፤ ሁልጊዜ ነው የምኮራው። ሰነፍ የምላት እንዳትወሰድብኝ ፈርቼ ነው።»

ኖላዊት ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ይህን ስትሰማ በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነበር። አምሳለ ጥግ ላይ ሆና መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገዋለች።

«የተናጋሪዋ ድምፅ የተረጋጋ ነው። ቃሉ እውነተኛ ተብሎ ተይዟል» አለ ሣጥኑ። ፀዳለ ትንፋሿን ለቀቀች። ከኋላዋ አንድ ሰው «እልልታ አይፈቀድም እንጂ» ሲል ሰማች። ሣጥኑ ግን ቀጠለ። «በደንቡ መሠረት የተማሪዋ ማረጋገጫ ይቀራል። ተማሪ ኖላዊት አንዳርጌ፣ እናትሽ ስለ አንቺ የተናገሩት ልክ ነው?»

ይህ ጥያቄ በይግባኝ ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ወይም ነበረና ማንም አላነበበውም። ክፍሉ ውስጥ ዐሥራ ሦስት ሰው አለ፤ ሁሉም ልጅቷን ያያል። ኖላዊት የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ጫፍ ጎተተች። ጉንጯ ቀላ። ፀዳለ የሚመጣውን ከልጅቷ አፍ ከመውጣቱ በፊት አወቀችው፤ ማስቆሚያ ግን አልነበራትም፣ ምክንያቱም ራሷ ነበረች ያስተማረቻት።

«ኧረ… እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ኖላዊት በቀስታ። «እናቴ ስለሆነች ነው።»

አምሳለ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተመዝግቧል» አለ ሣጥኑ። «ማረጋገጫ አልተገኘም። የቤት ምስክርነት፣ 31። የሚቀጥለው ይግባ።»

ሲወጡ ያቺ እጅ የነሣቻት ሴትዮ የፀዳለን ክንድ ያዘችና፣ «የጨዋ ልጅ አለሽ» አለቻት። ከልቧ ነበር። ፀዳለ አመስግና አለፈች።

አንዳርጌ ከፊታቸው ሁሉን አነበበ። ታክሲው ውስጥ ኖላዊት መስኮቱን እያየች፣ «ሰው ፊት ነበር እኮ፣ እማዬ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«‹አዎ ልክ ነው› ልበል? ያ ሁሉ ሰው እያየኝ?»

ፀዳለ መቆጣት ፈለገች። ለመቆጣት ውስጧን በረበረችው፤ ያገኘችው ግን ሌላ ነገር ነው። እሷም በዚያ ወንበር ብትቀመጥ መልሷ ከዚህ አንድ ቃል አይለይም። ልጅቷ በደንብ ነበር ያደገችው፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። እንባዋ መጣና ከረዳቱ ለመደበቅ ነጠላዋን አጣፋች። ኖላዊት እጇን ከእጅጌዋ አውጥታ የእናቷን ጣቶች ያዘች፤ እስከ ጠባሴ እንደዚያው ሄዱ።

ሰኔ ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው መጥቶ እማኙን ነቀለ፤ ትምህርት አልቋል። መደርደሪያው ላይ የሳሙና ያህል ደማቅ ምልክት ቀረ። ፀዳለ የጨው ዕቃውን ገፋ አድርጋ አስቀመጠችበት፤ አልሸፈነውም።

መስከረም ላይ ናታን እንጦጦ ገባ። ሊዲያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በአንድ ሰዓት ከሩብ እየደወለች ስታመሰግነው ቆየች፤ ከዚያ «እማዬ፣ አሁን እኮ አይቆጠርም» አላት መሰለኝ፣ ጠዋቱ ጭር አለ። ልጁ ግን ኖላዊትን አልረሳትም። በየሳምንቱ ያልገባውን የወንዝ ሒሳብ ይልክላታል፤ እሷም ምሳ ሰዓት ላይ ሠርታ ትመልስለታለች። በዚህ ዓይነት ኖላዊት የእንጦጦን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ግማሹን ጨርሳለች፤ መዝገብ ላይ ግን የለችም።

እሷ የገባችው ድምፅ መለያ አዳራሽ ነው። አራት መቶ ሰው በመደዳ ይቀመጣል። በቀን ዘጠኝ መቶ ዓረፍተ ነገር ይሰማሉ፤ ለእያንዳንዱ ከሦስት ቁልፍ አንዱን ይጫናሉ፣ ምስጋና፣ ነቀፋ፣ ሌላ። ማታ ስትመለስ ጆሮዋ ላይ የማዳመጫው ክብ ቀልቶ ይታያል። ምን ሠርተሽ ዋልሽ ስትባል «ምንም» ትላለች።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን እራት ቀርቦ ሳለ ኖላዊት፣ «ዛሬ ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ» አለች።

አንዳርጌ ጉርሻውን ከአፉ መለሰ። «ምን አጥፍተሽ?»

«ሌሎቹ ነቀፋ የሚሉትን እኔ ምስጋና እያልኩ ነው። ልዩነቴ በዛ። ‹እሷ ምን ታውቃለች›፣ ‹ዕድል ቀንቷት ነው›፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ እጄ ምስጋናው ላይ ነው የሚሄደው።»

ፀዳለ ቀና አለች። «የማን ድምፅ ነው?»

«ስም አይነግሩንም። ሴቶች ናቸው። ከጀርባቸው ሰሃን ይንኳኳል፣ እንግዳ ይስቃል።» ኖላዊት እንጀራውን በጣቷ እየቆረሰች አልጎረሰችም። «ማሽኑ የሚማረው አብዛኛው ሰው ከተጫነው ነው ይላሉ። አራተኛ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ያስወጡኛል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ የሚገባበት የለም። ከነገ ጀምሮ እንደ ሌሎቹ ብጫን አይሻልም?»

አንዳርጌ ሚስቱን አየ። የሚመርጠው ነገር አልቆበት የነበረ ቤት፣ እንደገና ምርጫ መጥቶበታል። ልጅቷ ይዛ የቀረችው ይህንኑ ሥራ ነው፤ እሱም ከብብት ሊወድቅ ነው። ተረቱን ሊተርተው አፉን ከፈተና ተወው።

ፀዳለ የጠመኔውን ኪስ ዳበሰች፤ የፋብሪካ ጋውኗን አላወለቀችም ነበር። ጥራት ላይ የሚሠራ ሰው ያየውን ያያል። አለቃ ቢቆጣ፣ ጠረጴዛው ቢሞላ፣ አጠገቧ ያሉት ሁሉ ቢያሳልፉት፣ የሳሳው የሳሳ ነው፤ ደህናውም ደህና ነው።

«ስትሰሚያቸው ምን ይመስልሻል?» አለች።

«ምስጋና ነዋ። የሚወዷት ልጅ ነው የሚመስለው።»

«እንግዲያው ልክ ነሽ። አትቀይሪው። ከማናቸውም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ቤት፣ እራት ላይ፣ ፊት ለፊት ተብሎ አያውቅም። ኖላዊት ሳታስበው ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። ሰዓቱና የጨው ዕቃው ብቻ ናቸው፤ የሚሰማ የለም። ከዚያ የሹራቧን እጅጌ ወደ ጣቷ ጎተተች።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ…»

«ዝም ብለሽ ብዪ» አለች ፀዳለ፣ የተሻለውን ወጥ ወደ ልጇ በኩል እየገፋች።